በሰፈራችሁ የነፃ ቻምበር ሙዚቃ ሲዝን እንዴት ታዘጋጃላችሁ

እኛ አራት ነን፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለ)፣ አንድ ቼሎ (ቁጭ ተብሎ በጉልበት መሃል የሚያዘው ትልቁ)። ቪዮላው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ እየዞርን በነፃ መጫወት ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፣ መጪው ሲዝን ጥቅምት ላይ ይጀምራል፣ አራት ኮንሰርት በአራት ሰፈር። "እኛም ሰፈር እንዲህ ነገር ብናዘጋጅ ምን ያስፈልጋል?" የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ለማያውቀው፣ ቻምበር ሙዚቃ ማለት ያለ መሪ፣ ያለ ማይክ፣ ለአንድ ክፍል በሚበቃ ትንሽ ቡድን የሚጫወቱት ነው። መጫወቱን አላስተምራችሁም፣ እሱ የናንተ ጣጣ ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላው ነገር ነው።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ብዙ ሰው ምን እንጫወት ከሚለው ይጀምራል፣ እኔም እንደዛ ነበር የጀመርኩት፣ ስህተት ነው። ያለ ማይክ የሚጫወት ቡድን ከሰፈር ድምፅ ጋር ታግሎ አያሸንፍም፣ ስለዚህ ካሌንደር ዘርግታችሁ መሰረዝ ጀምሩ። ክረምቱ በሙሉ ይሰረዛል፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ እንኳን ቫዮሊን የጎረቤት ጥሪም አይሰማም። ከህዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፣ ሁዳዴ ደሞ 55 ቀን። "መሣሪያ ብቻ እኮ ነው፣ ዘፈን አይደለም" ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ፣ እኔም ተከራክሬ ነበር፣ እናቴን እንኳን አላሳመንኩም። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር እሱን ለብቻው እዩት። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ክላክስ፣ ግቢው ሁሉ ሞንታርቦ። ከዛ ደሞ ሰፈራችሁ ያለው ደብር የማን እንደሆነ እወቁና ቀኑን ተዉለት፣ ሚካኤል ከሆነ 12፣ ማርያም ከሆነ 21።

ይሄ ሁሉ ተሰርዞ የሚተርፈው ጥቅምት፣ የህዳር መጀመሪያ፣ የሰርጉ ሰሞን ቀዝቀዝ ሲል ሁዳዴ እስኪገባ ያለችው ቀዳዳ፣ እና ከፋሲካ በኋላ ነው። አራት ኮንሰርት ይበቃዋል። ስድስት እናድርገው ያለን ሰው ነበር፣ የት አባቱ ሊያገባው እንደሆነ አላውቅም።

ሰዓቱ እሁድ 10 ሰዓት ይሁን። ቅዳሴ ያልቃል፣ የእድር ስብሰባ ያልቃል፣ ምሳና ቡና ይጠጣል፣ የአስር ሰላት አዛንም ያልፋል። 12 ሰዓት ሳይጨልም ትጨርሳላችሁ፣ መብራት ቢሄድ ባይሄድ አያገባችሁም። አርሰናልና ማንቼ የሚገናኙበትን እሁድ ግን ቀድማችሁ አጣሩ፣ በዛ ቀን ወንድ የሚባል አይመጣም፣ የመጣውም ስልኩን ነው የሚያየው።

2. ወንበርና ድንኳን፣ ማለትም እድር

መቶ ወንበር መግዛት አትችሉም፣ ከዲኮር ቤት መከራየትም መግቢያ ለማይሸጥ ቡድን ኪስ ያራቁታል። ሰፈር ውስጥ ወንበር፣ አግዳሚ፣ ድንኳን ያለው እድር ነው። ሊቀመንበሩን በአካል አግኙ፣ ደብዳቤም ያዙ። ከመሃላችሁ የአንዱ ቤተሰብ አባል ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል፣ ካልሆነ ትንሽ ኪራይ ክፈሉ፣ አትከራከሩ።

አሁን የኔን ስህተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለተኛው ኮንሰርት ነው፣ ህዳር መጀመሪያ። 80 ወንበርና አንድ ድንኳን ተፈቅዶልን ቅዳሜ ማታ ተተክሎ አደረ። እሁድ ንጋት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። የሰፈሩ አንድ አባት አርፈው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ወጣቶቹ መጥተው ድንኳኑን ነቀሉ፣ ወንበሩን ተሸክመው ሄዱ፣ ማንም ምንም አላለንም፣ መናገርም አያስፈልግም ነበር፣ ያ ድንኳን ለምን እንደተገዛ ሁላችንም እናውቃለን።

እዛ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ተለማምደን፣ ፖስተር ተለጥፎ፣ ሰው ከሩቅ እየመጣ እንዴት ይቀራል ብዬ፣ ከሀዘን ቤቱ ሦስት ግቢ አለፍ ብሎ ያለ የጓደኛችን ሳሎን ውስጥ በር ዘግተን እንጫወት አልኩ። ቼሎ የምትጫወተው ልጅ "ተው፣ ይቅርብን" ብላኝ ነበር። ሃያ የሚሆን ሰው መጣ። የምንጫወተው ሥራ ሁለተኛው፣ ቀስ የሚለው ክፍል መሃል ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት እናት ጥቁር ነጠላ እንደለበሱ ገቡ። አልተቆጡም። "ልጆቼ፣ አልሰማችሁም እንዴ?" ብቻ ነው ያሉት። መሣሪያችንን ሳጥኑ ውስጥ ከተን አራታችንም ወደ ድንኳኑ ሄድን፣ እስኪመሽ ተቀመጥን። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከዛ ወዲህ የምናደርገው እንዲህ ነው። ወንበር ስንጠይቅ "ሀዘን ከመጣ እኛው እንሰርዛለን" የሚለውን ቀድመን እኛ እንናገራለን፣ እነሱ እስኪሉን አንጠብቅም፣ ይሄን ከሰሙ በኋላ ፊታቸው ሁሉ ይለወጣል። ፖስተሩ ላይ ተለዋጭ እሁድ አብሮ ይጻፋል። ቅዳሜ ማታና እሁድ ጠዋት አንዳችን ለእድሩ ንብረት ክፍል እንደውላለን። እና ጡሩምባ ከተነፋ በቃ፣ ሌላ ግቢ፣ ሌላ ሳሎን፣ ድምፅ ቀንሰን ምናምን የሚባል ነገር የለም።

3. ቦታው

ከኋላችሁ የድንጋይ ወይ የብሎኬት ግድግዳ ይኑር፣ ድምፁን ወደ ሰው ይመልሰዋል። የድንኳን ሸራ ግን ድምፅ ይበላል፣ ስለዚህ ድንኳኑ ሰዉን ከፀሐይ ያስጥል፣ እናንተ ግን ግድግዳውን ተደግፋችሁ በረንዳ ላይ ሁኑ። የትምህርት ቤት በረንዳ ካገኛችሁ ከዛ የተሻለ የለም። ፀሐይ ላይ በጭራሽ አትቀመጡ፣ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደረቅ ነው፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ክሩን የሚወጥረው ቁልፍ እየተንሸራተተ ክሩ ይላላል፣ የአንዱ ቫዮሊናችን ፊት የተሰነጠቀው በዚህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቀዳዳ ባለው ላስቲክ የተጠቀለለ እርጥብ ስፖንጅ እናስቀምጣለን፣ ውድ ውድ እርጥበት መጠበቂያ አያስፈልግም።

ሞንታርቦ እናምጣላችሁ የሚል ሰው ሁሌም አለ፣ በደግነት ነው፣ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። አራት መሣሪያ በአንድ ማይክ ሲገባ የሚወጣው ድምፅ የሬዲዮ ነው። ሰው ካልሰማ ወንበሩን አስጠጉት፣ በግማሽ ክብ ደርድሩት፣ ሕፃናት ፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ። ከ100 ሰው በላይ ግን አይሞከርም፣ ሁለት ጊዜ መጫወት ይሻላል።

4. ምን ትጫወታላችሁ

ጠቅላላ 50 ደቂቃ፣ እረፍት የለም። እረፍት ከሰጣችሁ ግማሹ ቡና ሊያፈላ ይሄዳል።

ነፃ የሆነ ኖታ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) የሚባል ድረ ገጽ ላይ ሞልቷል፣ ሃይድን የሚባለው አቀናባሪ የሞተው እ.ኤ.አ በ1809 ነው፣ ማንም አይጠይቃችሁም። የሀገራችንን ዘፈን ለኳርቴት፣ ማለትም እንደኛ ላለ የአራት ሰው ቡድን፣ ካስተካከላችሁ ግን በአዋጅ 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፣ ነፃ ኮንሰርት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ባለቤቱን ወይ ቤተሰቡን ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ሁሌም በደስታ ነው የፈቀዱልን።

ሁለት ሥራ ልጠቁማችሁ። አንዱ የሃይድን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 33 ቁጥር 2 ነው፣ እ.ኤ.አ በ1781 የተጻፈ፣ "ቀልዱ" ይሉታል። መጨረሻው ላይ ያለቀ ይመስልና ይቀጥላል፣ ደግሞ ያለቀ ይመስላል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኛ እንቀጥላለን፣ ሕፃናቱ ይስቃሉ። የኛ ሰው ሥራው ሳያልቅ አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ያጨበጭባል ብለው የሚነጫነጩ ሙዚቀኞች አሉ፣ እኔ አይገባኝም፣ ደስ ብሎት ነው፣ ይሄ ሥራ ደሞ ጭብጨባውን ራሱን ጨዋታ ያደርገዋል።

ሌላው ድቮርዣክ የሚባል የቼክ አቀናባሪ የጻፈው "አሜሪካን" የሚባለው ኳርቴት ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ በጁን 1893 አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ስፒልቪል የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ነው የጻፈው። የመጀመሪያው ዜማ በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፣ አምስቱ ድምፆች ደሞ ከኛ ሜጀር ትዝታ ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ማንም ሳያስረዳቸው አንድ አዛውንት ከጨረስን በኋላ "ትዝታ ነው አይደል?" አሉኝ። ዜማውን የሚከፍተው ደሞ ቪዮላ ነው፣ ይሄን ስል ለራሴ እያደላሁ እንዳይመስላችሁ፣ ግን እያደላሁ ነው።

ንግግር አታብዙ። የሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ ማንም አይፈልግም። አንድ ጊዜ የሰፈር አዝማሪ ጋብዘን መሲንቆውን ከቫዮሊኑ ጎን አስቀመጥነው፣ የመሲንቆው ደጋን የፈረስ ጭራ፣ የቫዮሊኑም የፈረስ ጭራ፣ እሱ ባንድ ክር እኛ በአራት። ከዛ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

5. ወረቀትና ወሬ

ለወረዳው ደብዳቤ አስገቡ፣ ግልባጭ ለፖሊስ፣ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ኪሳችሁ ያዙ። ይኸው ነው።

ማስታወቂያው ላይ "ነፃ" የሚለውን ብቻ በትልቁ አትጻፉ። ሰው ነፃ ሲባል ይጠራጠራል፣ ወይ ስብከት ነው ይላል፣ ወይ በኋላ መዋጮ ይጠየቃል ይላል። እኛ "መግቢያ የለም፣ መዋጮም አይጠየቅም፣ የቫዮሊን ሙዚቃ ነው፣ 50 ደቂቃ" ብለን ነው የምንጽፈው። ቴሌግራም ለወጣቱ ይሠራል፣ እናቶችን የሚያመጣው ግን ሱቁና የጀበና ቡናው ጋ ያለው ወረቀት ነው። ልጆቹ ከመጡ ወላጅ ይከተላል።

6. የዕለቱ ነገር

የእድር የፕላስቲክ ወንበር መደገፊያ እጅ አለው፣ በሱ ላይ ተቀምጦ ቼሎ መጫወት አይቻልም፣ ክርናችሁ ይመታል። እጅ የሌለው አራት ወንበር ከአንድ ሰው የምግብ ጠረጴዛ ተበደሩ። ሊሾ ላይ የቼሎው እግር ይንሸራተታል፣ ቀበቶ ከወንበሩ እግር ጋር አስሩና ሹሉን ብረት ዘለበቱ ውስጥ አስገቡት፣ ከሱቅ ከሚገዛው ማቆሚያ ይሻላል። ኖታ በታብሌት የምታነቡ ካላችሁ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ባትሪም ያልቃል፣ ወረቀት አትሙና ስምንት የልብስ መቆንጠጫ ያዙ፣ 10 ሰዓት ላይ ንፋስ አለ።

ቼሎውን በሚኒባስ ስትወስዱ የሁለት ሰው ክፈሉ፣ ወያላው ጋር መነታረክ እጅ ያንቀጠቅጣል።

ሲያልቅ ቶሎ አትሰብስቡ። አንድ ርካሽ ቫዮሊን ለልጆች ይዛችሁ ሂዱ፣ የናንተን አትስጡ፣ ወረፋ አስይዙና አንድ አንድ ጊዜ ደጋኑን ይሳቡት። ከዛ ወንበሩን ደራርባችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ ቆጥራችሁ ዛሬውኑ መልሱ። ባለፈው ግንቦት ሁለት ጎድሎብን ሰኞ ሙሉ ቤት ለቤት ስንዞር ዋልን፣ ለካ አንዷ እናት ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው እህል እያሰጡባቸው ነበር።