ተከታታይ ምናባዊ ልብ ወለድን ለቴሌቪዥን ድራማ ማዘጋጀት

የመብት ውሉን ዝርዝር ለጠበቃ መተው ይቻላል፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ግን አዘጋጁ ራሱ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የታሪኩ መጨረሻ ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። «ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት ሲጀምር መነሻው የሆነው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ መጽሐፍ አላለቀም ነበር። በ2016 የቀረበው ስድስተኛው የድራማ ምዕራፍ መጽሐፉን ቀድሞ ሄደ፤ ድራማው በ2019 በ73ኛው ክፍል ሲጠናቀቅም ስድስተኛው ቅጽ ገና አልታተመም ነበር። ስለዚህ ያላለቀ ሥራ የሚረከብ ሰው ቢያንስ የዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ፍጻሜ ከደራሲው ሰምቶ በጽሑፍ ይያዝ።

ቀጥሎ ክፍፍሉ ይመጣል። (እኛ የመጽሐፉንም የድራማውንም ክፍፍል «ምዕራፍ» ስለምንል፣ በሥራ ማስታወሻ ላይ የመጽሐፉን ከድራማው ለይቶ መጻፍ ከብዙ ንትርክ ያድናል።) አንድ ቅጽ አንድ የድራማ ምዕራፍ ይወጣዋል ብሎ መነሣት ያሳስታል። የማርቲን የመጀመሪያ ቅጽ ለአንድ ምዕራፍ በቅቷል፤ ሦስተኛው ግን ለሦስተኛውና ለአራተኛው ተከፍሏል፤ አራተኛውና አምስተኛው ቅጾች ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ በተለያየ ስፍራ የሆነውን ስለሚተርኩ በድራማው ተጣምረዋል። መቁረጫው የሚመረጠው በገጽ ብዛት ሳይሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ ሊመለሱበት የማይችሉትን ውሳኔ በሚወስኑበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው፣ በእኔ ግምት፣ በልብ የሚታሰበውን በካሜራ ፊት ማውጣት ነው። በማርቲን መጽሐፍ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚተረከው በአንድ ገጸ ባሕርይ ዐይን ነው፤ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴ በመጀመሪያው ቅጽ ይህ ዕድል ስላልተሰጣቸው፣ አንባቢ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚሉትን አይሰማም። ድራማው ግን ሁለቱ ወይን እየጠጡ ስለ ከሸፈው ትዳራቸው የሚነጋገሩበትን፣ በመጽሐፉ የሌለ ትዕይንት ጨመረ፤ በዚያ ረጋ ያለ ንግግር ተመልካቹ የመንግሥቱን መናጋትም ተረዳ። የገጸ ባሕርይን ሐሳብ ከጀርባ በሚሰማ ድምፅ ማስነበብ ቀላል ቢመስልም ቶሎ ያሰለቻል። ይልቁንም አንድ ገጽ የሚሞላ ሐሳብ ወስዶ፣ ሁለት ሰዎች ሐሳቡን በቀጥታ ሳይናገሩት የሚገልጡበትን ትዕይንት መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው።

አንባቢ ዝምድና ቢጠፋበት ገጹን ይገልጣል፤ ተመልካች ግን ይህ የለውም። የዚህ ድራማ የመጀመሪያ ሙከራ ክፍል ለጥቂት ሰዎች ሲታይ፣ ወንድምና እኅት የሆኑት ሁለት ገጸ ባሕርያት ዝምድና ለአንዳንዶቹ አልገባቸውም ነበር፤ ክፍሉም በአብዛኛው እንደገና ተቀረጸ። ጽሑፉን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ሰጥቶ «ማን የማን ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ከዚህ ወጪ ያድናል። ስምም ያምታታል፤ ኦሻ የምትባል ሌላ ሴት ስለነበረች የመጽሐፏ አሻ በድራማው ያራ ተብላለች።

በመጨረሻም እያንዳንዱን ትዕይንት በገንዘብ መመዘን ያስፈልጋል። በመጽሐፉ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ቲሪየን የሚዋጋበት ጦርነት በድራማው የመጀመሪያ ምዕራፍ አልታየም፤ ገና ሳይጀመር ራሱን ስቶ ይወድቅና ሲነቃ ሁሉም አልቋል። በሁለተኛው ምዕራፍ የብላክዎተር ጦርነት አንድ ሙሉ ክፍል ሲሰጠው፣ ታሪኩ በአንድ ከተማና በአንድ ሌሊት ተወሰነ፤ ሌሎቹ ስፍራዎች ሁሉ ለዚያ ሳምንት ተዘለሉ።