የከተማችሁን አሮጌ ቤቶች ኢንተርኔት ላይ እንዴት ትመዘግባላችሁ?

«የከተማችንን አሮጌ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ልናስቀምጥ ነው» የሚሉኝ ልጆች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ሎጎ ነው። ከዚያ የገጹን ቀለም። ከዚያ የፎቶ ክምር። ቤቶቹ ስንት ናቸው? ይሄ ፎቶ የማን ቤት ነው? ሲባሉ ጭጭ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ፦ የምትሠሩት የፎቶ አልበም አይደለም፣ የቤቶች መዝገብ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ገጽ። ፎቶውም፣ የሽማግሌው ወሬም፣ ካርታውም፣ አሮጌው ውልም ከዚያ ቁጥር ሥር ይገባል። ድረ ገጹ የመጨረሻው ሥራ ነው።

እኔ ነዋሪነቴ ቡራዩ ስለሆነ ምሳሌዬን ከአምቦ መንገድ አመጣለሁ። ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፋችሁ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ አዲስ ዓለም ትደርሳላችሁ። ታሪኳ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ግንባታ አስጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ደረሰላትና ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ቤተ ክርስቲያኗንና ሙዚየሟን ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለውን፣ ቆርቆሮው የዛገውን፣ በረንዳው ወደ መንገድ ያዘነበለውን የጭቃ ቤት ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መዝገብ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ጠባቂ አላት። የጭቃ ቤቱ የለውም፤ መንገድ ሲሰፋ ወይም ልጆቹ ብሎኬት ሲገዙ በአንድ ቀን ይሄዳል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አይተናል፤ ብዙ ሰው ፎቶ ፍለጋ የጀመረው ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ትንሽ ወሰን፣ ቀላል ቁጥር

ከተማውን ሙሉ አትጀምሩ። አንድ መንገድ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከማርያም በር እስከ ገበያው። ከዚያ «ቆንጆ» ቤት እየመረጣችሁ አትመዝግቡ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን አሮጌ ቤት በሙሉ መዝግቡ። አሮጌ ማለት እስከ መቼ? እኔ ብሆን 1967ን እቆርጣለሁ። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል፤ የቤቶች ባለቤትነት ታሪክ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። ይሄ ደግሞ ወሬ ስትሰበስቡ ማንን እንደምትጠይቁ ይነግራችኋል፣ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩን ራሳችሁ ስጡ። የቀበሌውን የቤት ቁጥር ዋና መለያ አታድርጉት፤ ቀበሌው ይጣመራል፣ ይከፈላል፣ ወረዳ ይሆናል፣ ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። እንደ ተጨማሪ መረጃ ግን የድሮውንም የአሁኑንም ጻፉት፣ ምክንያቱም አሮጌ ውልና የግብር ደረሰኝ ላይ ያለው እሱ ነው። የእናንተ ቁጥር 001፣ 002 እያለ ይሂድ። ቤቱ ቢፈርስም ቁጥሩን ለሌላ ቤት አትስጡ። ፎቶዎቹንም በዚያው ሰይሙ፦ 017_03 ማለት የ17ኛው ቤት ሦስተኛ ፎቶ ነው። የፋይል ስም ላይ ቁጥር ብቻ መጠቀሙ ይሻላል፤ በፊደል የተሰየመ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዘዋወር አንዳንዴ ስሙ ይበላሻል።

መረጃ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ይበቃል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ፎቶና የካርታ ነጥብ አብሮ ይይዛል፣ ኔትወርክ ስታገኙ ይልካል። ፎርሙን አታርዝሙት። ግድግዳው ከምን ነው፣ ጣሪያው ከምን ነው፣ ስንት ደርብ ነው፣ በረንዳ አለው ወይ፣ አሁን ምን እየሠራ ነው፣ ማን ነገራችሁ። አንዲት ጥያቄ ግን እንዳትቀር፦ ቤቱ ቆሟል፣ ተለውጧል ወይስ ፈርሷል? ከጎኗ ያያችሁበት ቀን ይጻፍ። ከ5 ዓመት በኋላ ከመዝገባችሁ ሁሉ ብዙ የምትፈለገው ይቺ መስመር ትሆናለች።

ፎቶው

ጊዜው ከመስከረም በኋላ ነው። በክረምት ጭቃው አያስጠጋም፣ ሰማዩም ጨለማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ ያንጸባርቅና ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ስልኩን ወደ ላይ አታጋድሉት፣ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ራቅ በሉ እንጂ። ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ከተቻለ ጀርባው፣ ከዚያ ከማዕዘኑ ሁለት ጎን በአንድ ላይ የሚያሳይ። አንድ ሰው አንድ ሜትር ተለክቶ ቀለም የተቀባ ዘንግ ግድግዳው አጠገብ ይያዝ፤ በኋላ የበሩን ቁመት ከፎቶው ማስላት ትችላላችሁ።

ከዚያ ቀረብ በሉ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። ምርጉ የረገፈበት ቦታ ካለ እሱ መጽሐፍ ነው። ቋሚው ምን እንጨት ነው፣ ጽድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ማገሩ በሚስማር ነው የተመታው ወይስ በልጥ ነው የታሰረው? ጭቃው ውስጥ ጭድ ይታያል? ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አለ ወይስ ቋሚው በቀጥታ መሬት ገብቷል? ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ስለሆነ እንጨቱ ብቻውን ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ አልኩ እንጂ ማስረጃ አላልኩም፤ ሰው አሮጌ እንጨት ከፈረሰ ቤት አምጥቶ አዲስ ቤት ይሠራበታል። የበረንዳውን የእንጨት ሥራ፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ የማጠፊያውን ብረት፣ ለብቻ ለብቻ አንሱ። ውስጥ ካስገቧችሁ ቀና በሉ፦ የአቡጄዲ ኮርኒስ ካለ እሱን አንሱ፣ በዘንድሮ ቺፕውድ ከመተካቱ በፊት።

ወሬው

እማማ ወይም አባባ ደጅ ላይ ተቀምጠው ካገኛችኋቸው ስልክ አውጥታችሁ መቅዳት አትጀምሩ። ሰላምታው ይቅደም፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቋችሁ፣ ቡና ከመጣም ቡናው ይጠጣ። ከዚያ ማን እንደላካችሁና ወሬው የት እንደሚወጣ ተናግራችሁ አስፈቅዱ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወገን አለ። ተከራዩ ቤቱ ላለፉት 40 እና 50 ዓመታት እንዴት እንደኖረ ያውቃል። ማን እንዳሠራው የሚያውቀው ግን ከ1967 በፊት የነበረው ቤተሰብ ነው፣ እሱም አሁን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሆናል። ሁለቱንም ጠይቁ፤ ሁለቱ ቢጋጩም ሁለቱንም ጻፉ። ዳኛ አትሁኑ። በተለይ የይዞታ ክርክር ካለ «የእገሌ ቤት ነው» ብላችሁ ገጽ ላይ መለጠፍ ፍርድ ቤት ሊያስጠራችሁ ይችላል። «እገሌ እንዳሠራው ይነገራል» በቂ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ካለፈቃዱ አይግባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ቀልድ አይደለም።

ዘመን ስትጠይቁ ቁጥር አትጠብቁ። «በጣሊያን ጊዜ ነው» ይሏችኋል። ደስ ይበላችሁ፣ ይሄ ጥሩ መልስ ነው። ያሉትን ቃል በቃል አንድ ዓምድ ላይ ጻፉ፣ ከጎኑ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ብላችሁ መነሻና መድረሻ ዓመት አስገቡ። «በልጅ ኢያሱ» ከ1906 እስከ 1909 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ይደረድርላችኋል፣ የሰውዬውም ቃል አይጠፋም። የዘመን አቆጣጠሩን የግድ ለይታችሁ ጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ ማንም ፈትቶ አይጨርሰውም።

የቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለውን ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ። ስካነሩን እዚያው ቤት ውሰዱ፣ በ600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጋችሁ ፎቶውን እዚያው መልሱ፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ጀርባውንም። ዋናውን ቲፍ በሚባለው፣ ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፣ ለገጹ ትንሽ ጄፔግ አውጡ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። አሮጌው ፎቶ ከሕግ አንጻር ነጻ ቢሆንም ቤተሰቡን አስፈቅዱ፤ ነገ ሌላ ፎቶ ልትጠይቁ ትመጣላችሁ። ከዚህ ሌላ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አሉላችሁ። አየር ላይ የተነሱ አሮጌ ፎቶዎች ደግሞ የድሮው ካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ የአሁኑ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ዘንድ ይጠየቃሉ። ጉግል ኧርዝ ላይም የቀድሞ ምስሎችን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አንድ ጣሪያ በየትኛው ዓመት እንደጠፋ ማየት ትችላላችሁ፣ በነጻ።

ገጹ

እስካሁን የሠራችሁት አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ከባዱ አለቀ። ዓምዶቹን ስትሰይሙ ደብሊን ኮር የሚባለውን የ15 ዓምዶች ስምምነት ብትከተሉ ነገ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሳይቸገር ይወስደዋል።

ለመዘርጋት ሁለት መንገድ አለ። ኦሜካ ኤስ የሚባለው የስብስብ ማሳያ ሶፍትዌር ጥሩ ነው፣ ብዙ ሙዚየሞች ይጠቀሙበታል፤ ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሰርቨር ደግሞ በየዓመቱ ክፍያ ይፈልጋል፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ ዶላሩን ከየት እንደምታመጡ እናንተ ታውቃላችሁ። በጎ ፈቃደኞች ከሆናችሁ ምክሬ ኮሌክሽንቢልደር ነው። የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች የሠሩት ነው፤ ሰንጠረዡን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ገጽ፣ ካርታና የዘመን መስመር ያወጣላችኋል። ጊትሀብ በሚባለው የፋይል ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይቀመጣል። ዳታቤዝ ስለሌለው የሚሰበር ነገር ትንሽ ነው። ለካርታው ኦፕንስትሪትማፕን፣ ማንም ሊያርመው የሚችለውን ነጻ ካርታ፣ መምረጥ ትችላላችሁ፤ የከተማችሁ መንገዶች እዚያ ከሌሉ ራሳችሁ ጨምሯቸው።

የመጀመሪያው ገጽ በርካሽ ስልክና በትንሽ ዳታ መከፈት አለበት። ፎቶዎቹ 200 ኪሎ ባይት አይለፉ፣ ትልቁን የፈለገ ይጫነው። የሚንሸራተት ባነር፣ ሙዚቃ፣ እንቅስቃሴ፣ እባካችሁ ይቅርብን።

ፍለጋው ላይ ግን ጊዜ አጥፉ። አንዱ «ዓለም» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «አለም»፤ አንዱ «ፀጋ»፣ ሌላው «ጸጋ»። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ የተደበቀ ዓምድ ጨምሩና ፍለጋው እሱን ይይ። የሚታየው ጽሑፍ በትክክለኛው ፊደል ይቆይ። አዲስ ዓለም ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነች የቦታ ስሞችን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ፣ የሚይዝ ዓምድም የግድ ነው፤ ሠፈሩን በዚያ ስም ብቻ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ አሮጌ ዶክመንት በድሮ ፎንት ከተጻፈ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም መሣሪያ ወደሚያነበው የፊደል ኮድ፣ ሳትቀይሩ አትለጥፉ፣ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

የማይለጠፍም አለ። የቤት ውስጥ ፎቶ ላይ ቴሌቪዥኑ፣ መቆለፊያውና የኋላ በሩ ከታዩ ለሌባ ካርታ ሰጣችሁ ማለት ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳት የት እንደተቀመጡ በጭራሽ አይጻፍ፤ ሙዚየም ውስጥም ያለ ፈቃድ አታንሱ። ስልኩ ፎቶው ውስጥ የሚደብቀውን የቦታ መረጃ ከውስጥ ፎቶዎች ላይ አጥፉ። ሆለታ ስትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ፦ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ለታሪክ ትልቅ ቦታ ነው፣ ግን ወታደራዊ ግቢ ስትጠጉ ካሜራችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። የትም ብትሄዱ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም የተጻፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ። የፖሊስ ጥያቄን በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፣ ነዋሪውም «ሊያፈርሱብን ነው የሚመዘግቡት» ብሎ እንዳይሰጋ ይረዳል። ይሄ ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ቀድማችሁ አንሱት።

ሁሉም ቤት እስኪያልቅ አትጠብቁ። 20 ቤት ሲሞላ ልቀቁትና በየገጹ ሥር የስልክ ቁጥር ወይም የቴሌግራም አድራሻ አድርጉ። «ይሄማ የአያቴ ቤት ነው፣ ዘመኑን ተሳስታችኋል» የሚል ሰው ይመጣል፤ ያንን ሰው ነው የምትፈልጉት። ገጹ ሲታረም የድሮው ጽሑፍ ከነቀኑ ይቀመጥ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንድ ልጅ ብቻ ከያዘው ዲቪ የደረሰው ዕለት መዝገቡም አብሮት ይሄዳል። አንዱን ሃርድ ዲስክ ለከተማው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡት፣ የታተመ ሰንጠረዥም አብሮት ይሁን፣ ከነቁጥሩ። በየስድስት ወሩ ዲስኩን ሰክታችሁ የተወሰኑ ፎቶዎች ከፍታችሁ እዩ፤ አልከፍት ካለ ከሌላው ቅጂ ላይ በዚያው ቀን መልሱት።