ጽሑፉ ሴቭ አልሆን፣ ፐብሊሽም አልደረግ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጽሑፍ አልቀመጥ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጋል ወይም ታቡን ይዘጋል። ሥራ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከምንም በፊት ጽሑፉን ከኤዲተሩ አውጡት፦ በዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ብሎክ ኤዲተር ላይ በስተቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ «ኮፒ ኦል ብሎክስ» የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት።

ዎርድፕሬስ ራሱም ቅጂ ይይዛል፤ በየ60 ሴኮንዱ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ፣ በየ15 ሴኮንዱ ደግሞ ብሮውዘሩ ውስጥ። የብሮውዘሩ ቅጂ ግን ታቡ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ታቡን ሳትዘጉ ሪፍሬሽ ብቻ ካደረጋችሁ ከላይ «ሪስቶር ዘ ባካፕ» የሚል ማሳሰቢያ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ ሌላ ነገር ሳትነኩ እሱን ተጫኑ።

ምልክት፦ «ፐብሊሺንግ ፌይልድ» ወይም «አፕዴቲንግ ፌይልድ» ይላል

መልእክቱ አንዳንዴ «ኢንተርኔት የላችሁም ይሆናል»፣ አንዳንዴ «ምላሹ ትክክለኛ ጄሰን አይደለም» የሚል ሐረግ ይጨምራል (ጄሰን ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት አጻጻፍ ነው)። ሁለቱንም እንደወረደ አትመኑ። ሴቭም ሆነ ፐብሊሽ በተጫናችሁ ቁጥር ኤዲተሩ «ሬስት ኤፒአይ» በሚባለው በር በኩል ለሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል፤ መልእክቱ የሚነግራችሁ የተጠበቀው መልስ አለመመለሱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ኤፍ12ን ተጫኑ፣ «ኔትዎርክ» የሚለውን ክፈቱ፣ ሴቭን ድገሙ፣ በቀይ የወጣውን መስመር ቁጥር አንብቡ።

404 ከሆነ የሊንክ አወቃቀሩ ተበላሽቷል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፐርማሊንክስ» ገብታችሁ ምንም ሳትቀይሩ «ሴቭ ቼንጅስ» በሉ። አፓቺ በተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ይህ ብቻውን የሊንክ ደንቦቹን እንደገና ስለሚጽፍ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ኤንጂንኤክስ በተባለው ሌላ የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ግን ደንቦቹ ያሉት በሰርቨሩ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ስለሆነ ማስተካከል ያለበት የሆስቲንጉ (ሰርቨሩን የሚያከራያችሁ ድርጅት) ባለሙያ ነው።

401 ወይም 403 ከሆነ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ። አንደኛው ሎግኢናችሁ ጊዜው ማለፉ ነው። ሎግኢን በተለምዶ 2 ቀን ይቆያል፣ «ሪሜምበር ሚ» ላይ ምልክት ካደረጋችሁ 14 ቀን። ገጹ የያዘው የደኅንነት ቁልፍ ደግሞ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው የሚያገለግለው፤ አድሮ ክፍት የነበረ ታብ ላይ ሴቭ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ኤዲተሩን ሳትዘጉ በሌላ ታብ ሎግኢን አድርጉና ተመልሳችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው የሰርቨሩ ፋየርዎል (አደገኛ የመሰለውን ጥያቄ የሚያግድ መከላከያ) ነው፤ ይህ በጣም ያደናግራል፣ ምክንያቱም የሚያግደው ሰውን ሳይሆን ይዘትን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ አዲስ ፖስት ከፍታችሁ «ሙከራ» ብላችሁ ጻፉ። እሱ ከተቀመጠና ዋናው ጽሑፍ ካልተቀመጠ ችግሩ ከይዘቱ ነው። ጽሑፉን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ግማሽ ብቻ ሴቭ አድርጉ፣ እምቢ ያለውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉ፤ በአራት በአምስት ሙከራ የታገደውን አንቀጽ ታገኙታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የኮድ ቁራጭ ወይም የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚመስል መስመር ነው። መፍትሄው አንቀጹን መቁረጥ ሳይሆን የሞከራችሁበትን ትክክለኛ ሰዓት ለሆስቲንጉ ልኮ ያገደውን ደንብ እንዲያነሱት መጠየቅ ነው። ሰዓቱ ሳይኖር መዝገባቸው ውስጥ ማግኘት ይከብዳቸዋል።

413 የላካችሁት ፋይል ከተፈቀደው በላይ ትልቅ መሆኑን ይናገራል። ፎቶውን አሳንሱ። 500 ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ግጭት ወይም የሜሞሪ እጥረት ነው፤ ፕለጊኖቹን ሁሉ አጥፍታችሁ አንድ በአንድ አብሩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ሴቭን ሞክሩ።

ቀይ መስመሩ ቁጥር ከሌለውና «ሚክስድ ኮንቴንት» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጄኔራል» ላይ ያሉት ሁለቱ አድራሻዎች በኤችቲቲፒኤስ መጀመራቸውን አረጋግጡ።

ምልክት፦ ቀጠሮ የተያዘለት ጽሑፍ ሰዓቱ አልፎ አልወጣም

ዝርዝሩ ላይ «ሚስድ ስኬጁል» ተብሎ በቀይ ይታያል። ዎርድፕሬስ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ የለውም፤ ቀጠሮዎቹን የሚፈትሸው ሰው ገጹን ሲከፍት ነው። ጎብኚ ከሌለ የሚቀሰቅሰው የለም። ጎብኚ ብዙ ሆኖም ሊያመልጥ ይችላል፦ የካሽ ፕለጊን ቀድሞ የተዘጋጀ ገጽ ሲሰጥ ዎርድፕሬስ ጭራሽ አይነሳም። ዘላቂው መፍትሄ ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ላይ «ክሮን ጆብ» (በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ከፍቶ የዎርድፕሬስን የክሮን ፋይል በየ5 ደቂቃው እንዲጠራ ማድረግ ነው። በተጨማሪ «ጄኔራል» ውስጥ የሰዓት ክልሉን እዩ፤ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከቀረ ጽሑፉ የሚወጣው በእናንተ ሰዓት ሳይሆን በዩቲሲ ነው።

ምልክት፦ ፐብሊሽ ሆኗል ይላል፣ አንባቢ ግን አያየውም

ሊንኩን በፕራይቬት መስኮት ክፈቱ። አዲሱ ጽሑፍ ካልታየ ካሹን አጽዱ፣ «ቪዚቢሊቲ»ም «ፐብሊክ» መሆኑን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ የወጣ ጽሑፍ ላይ ያደረጋችሁት እርማት ደግሞ በራሱ ቢቀመጥም «አፕዴት» (በአዲሶቹ የዎርድፕሬስ ስሪቶች «ሴቭ») እስክትሉ ድረስ ለአንባቢ አይደርስም።

ምልክት፦ የፐብሊሽ ቁልፍ የለም

«ሰብሚት ፎር ሪቪው» ብቻ ካያችሁ የተሰጣችሁ ሥልጣን «ኮንትሪቢዩተር» ነው። አስተዳዳሪው ወደ «ኦተር» ከፍ ማድረግ አለበት።

ምልክት፦ የአማርኛው ሊንክ ተቆርጧል ወይም በፐርሰንት ምልክት ተሞልቷል

ይህ የእኛ ፊደል ላይ በተለይ ይበረታል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጡበት ስልት) 3 ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ሊንክ ውስጥ በ3 ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ቦታ ይወስዳል። ዎርድፕሬስ ለስለጉ (ከርእሱ ለሚወጣው የሊንኩ ክፍል) የመደበው ቦታ 200 ስለሆነ ከ22 ገደማ ፊደል በኋላ ያለው ርእስ ይቆረጣል። ከርእሱ ጋር አትታገሉ፤ ርእሱ እንዳለ ይቆይ። ፐብሊሽ ከማለታችሁ በፊት «ስለግ» የሚለው ቦታ ላይ በላቲን ፊደል ሦስት አራት ቃል ጻፉ። ከወጣ በኋላ ብትቀይሩትም ፖስት ከሆነ ዎርድፕሬስ የድሮውን ሊንክ ወደ አዲሱ ይመራዋል።

ብሎገር በተባለው የጉግል የብሎግ አገልግሎት ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የአማርኛ ርእስ ለሊንክ ስለማይጠቀምበት «ብሎግ-ፖስት» የሚል አድራሻ ከቁጥር ጋር ይሰጣል። በስተቀኝ «ፐርማሊንክ» ውስጥ «ከስተም» መርጣችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አስገቡ።

ምልክት፦ ሴቭ ከሆነ በኋላ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ

ዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8ን አልተቀበለም። አንዴ ወደ ጥያቄ ምልክት የተቀየረ ፊደል አይመለስም፤ መጀመሪያ ያወጣችሁት የኖትፓድ ቅጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባካፕ ወስዳችሁ ሠንጠረዦቹን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ሙሉው የዩቲኤፍ-8 ዓይነት) አስቀይሩ፣ ከዚያ ጽሑፉን ከቅጂው መልሳችሁ ለጥፉ።