በእንግሊዝኛ የሩቅ ኃላፊ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተውሳከ ግስን የት እናስቀምጥ?

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ አማርኛ ተናጋሪ የሩቅ ኃላፊ ጊዜን፣ ማለትም የፓስት ፐርፌክትን፣ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ አይስትም፤ «ሃድ» ካለ በኋላ የግሱን ሦስተኛ ቅርጽ፣ ተማሪዎች «ቪ ስሪ» የሚሉትን፣ ማስከተል እንዳለበት ያውቃል። የሚቸገረው «ኦልረዲ»፣ «ኔቨር»፣ «ጀስት» ወይም «የስተርዴይ» ዓይነት ቃል ሲጨመርበት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአማርኛ «ባቡሩ ቀደም ብሎ ሄዶ ነበር» ስንል ረዳት ግሱ «ነበር» ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ ተውሳከ ግሱም ከሁለቱ ግሶች በፊት ይቀመጣል እንጂ በ«ሄዶ» እና በ«ነበር» መካከል አይገባም። በእንግሊዝኛ ግን ረዳት ግሱ ይቀድማል፣ ዋናው ግስ ይከተላል፣ ለብዙዎቹ ተውሳከ ግሶችም ተመራጩ ቦታ ይኸው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ያለ ተውሳከ ግስ ጽፈው «ሃድ»ን እና ዋናውን ግስ ለይተው ያስምሩባቸው። ይህ ቀላል ቢመስልም ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። አንደኛው «ሃድ» ከባለቤቱ ጋር ተጣብቆ በጭረትና በአንዲት «ዲ» ፊደል ብቻ ሲጻፍ ነው፤ ሌላው ዋናው ግስ ራሱ «ሃድ» ሲሆን ነው። «ሂ ሃድ ሃድ ላንች» በሚለው ውስጥ የመጀመሪያው ረዳት፣ ሁለተኛው ደግሞ «ምሳ በላ» የሚለውን ትርጉም የሚሰጠው ዋና ግስ ነው፤ «ኦልረዲ» ሲጨመር በሁለቱ መካከል ገብቶ «ሂ ሃድ ኦልረዲ ሃድ ላንች» ይሆናል።

ቀጥሎ የተውሳከ ግሱን ዓይነት ይለዩ። ድግግሞሽን የሚያሳዩት «ኦልዌይስ»፣ «ኦፍን»፣ «ኔቨር»፣ እንዲሁም «ኦልረዲ» እና «ጀስት» በክፍተቱ ውስጥ ይቀመጣሉ፦ «ዘ ትሬይን ሃድ ኦልረዲ ሌፍት»፣ «ሂ ሃድ ኔቨር ሲን ዘ ሲ»። በ«ኔቨር» ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር» ስንል አሉታው በግሱ ላይ ስለሚታይ፣ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው «ሃድንት ኔቨር» ለማለት እንገፋፋለን፤ ነገር ግን «ኔቨር» አሉታውን ብቻውን ስለሚሸከም በመደበኛው የጽሑፍ እንግሊዝኛ «ሃድ» በአዎንታ ይቀራል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ «አይ ኦልረዲ ሃድ ኢትን» የሚል አባባል ይሰማል፤ ስሕተት አይደለም፣ ለጽሑፍ ግን የክፍተቱን ቦታ መልመድ ይሻላል።

ከዚህ ሕግ የሚወጡ ጥቂት ቃላት አሉ። «ስቲል» በአሉታዊ ዓረፍተ ነገር ከ«ሃድንት» በፊት ይመጣል፦ «ሺ ስቲል ሃድንት አራይቭድ»። «ዬት» ግን በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፦ «ሺ ሃድንት አራይቭድ ዬት»። «ፕሮባብሊ» በአዎንታዊው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወደ ክፍተቱ ይገባል፣ በአሉታዊው ግን ከ«ሃድንት» ይቀድማል።

ዓረፍተ ነገሩ ተገብሮ ሆኖ «ሃድ ቢን» ሲመጣ ክፍተቱ ሁለት ይሆናል። የጊዜና የድግግሞሽ ቃላት ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥለው ይገባሉ፤ አንድ ነገር እንዴት ወይም ምን ያህል እንደተደረገ የሚገልጹት ግን ከ«ቢን» በኋላ ወደ ዋናው ግስ ይጠጋሉ። «ዘ ብሪጅ ሃድ ኦልረዲ ቢን ሪፔርድ» እና «ዘ ብሪጅ ሃድ ቢን ባድሊ ዳሜጅድ» የሚሉትን ጎን ለጎን ቢያነቧቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አኳኋንን የሚገልጹ ቃላት በአድራጊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቦታ አላቸው፤ «ሂ ሃድ ኬርፉሊ ሬድ ዘ ሌተር» ወይም «ሂ ሃድ ሬድ ዘ ሌተር ኬርፉሊ» ማለት ይቻላል። የማይቻለው በግሱና በተሳቢው መካከል ማስገባት ነው፤ «ሂ ሃድ ሬድ ኬርፉሊ ዘ ሌተር» የሚለው በየጽሑፉ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። «ዌል» ደግሞ በአድራጊ ዓረፍተ ነገር መጨረሻውን ይመርጣል፦ «ሂ ሃድ ስሌፕት ዌል»።

ይበልጥ ማሰብ የሚጠይቀው ግን ቀንን፣ ሰዓትን ወይም ዓመትን የሚጠቅሰው ሐረግ ነው፤ እነዚህ ወደ ክፍተቱ አይገቡም፣ በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ይቀመጣሉ፣ የቦታቸው መለዋወጥም ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። «ዘ ባስ ሃድ ሌፍት አት ሲክስ» ካልን አንባቢ በቅድሚያ የሚረዳው አውቶቡሱ የተነሣው ልክ በዚያ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር በ12 ሰዓት፣ እንደሆነ ነው። «አት ሲክስ፣ ዘ ባስ ሃድ ኦልረዲ ሌፍት» ካልን ግን ሰዓቱ የምንመለከትበት ጊዜ ሆነ፤ አውቶቡሱ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ያለ ጥርጥር ለማስተላለፍ ከፈለጉ በ«አት» ፈንታ «ባይ ሲክስ» ይበሉ።

ሁለት ግሶች ባሉበት ዓረፍተ ነገር ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። «ሰኞ ዕለት ሥራ እንደለቀቀች ነገረችኝ» የሚለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሰኞ የተነገረ ወይስ ሰኞ የተለቀቀ መሆኑን አይለይም፤ በንግግር ድምፃችንና ዐውዱ ይለዩታል። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው ግን መምረጥ አለበት። የተነገረው ሰኞ ከሆነ ሐረጉ ከመጀመሪያው ግስ አጠገብ ይሆናል፦ «ሺ ቶልድ ሚ ኦን መንዴይ ዛት ሺ ሃድ ሪዛይንድ»። ሥራው የተለቀቀው ሰኞ ከሆነ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፦ «ሺ ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሃድ ሪዛይንድ ኦን መንዴይ»። ጽሑፍዎን ሲያርሙ በእንዲህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም ብለው፣ የጊዜው ሐረግ የየትኛው ግስ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

እዚህ ላይ «አጎ»ም ይነሣል። ከአሁን ወደ ኋላ ስንቆጥር «ቱ ይርስ አጎ» እንላለን፤ ካለፈ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስንቆጥር ግን፣ ፓስት ፐርፌክት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፣ «ቱ ይርስ ቢፎር» ወይም «ቱ ይርስ ኧርሊየር» ይሆናል፦ «ዘይ ሃድ ሜት ቱ ይርስ ኧርሊየር»። «የስተርዴይ»ም በተመሳሳይ መንገድ በተረት ወይም በዘገባ ውስጥ ወደ «ዘ ዴይ ቢፎር» ይለወጣል።

በጥያቄ ጊዜ «ሃድ» ከባለቤቱ ይቀድማል፣ ተውሳከ ግሱ ግን ከዋናው ግስ በፊት እንዳለ ይቆያል፦ «ሃድ ሺ ኤቨር ሲን ስኖው?» አጭሩ መልስ ግን ዋናውን ግስ ስለሚተው ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ «ኖ፣ ሺ ኔቨር ሃድ» እንጂ «ሺ ሃድ ኔቨር» አይባልም።

በመጨረሻ፣ በመደበኛ ጽሑፍ «ኔቨር» ወይም «ሃርድሊ» ለአጽንዖት ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሲወጣ «ሃድ»ን ከባለቤቱ በፊት ይስበዋል፦ «ሃርድሊ ሃድ ዘ ባስ ሌፍት ዌን ኢት ብሮክ ዳውን»፣ ማለትም አውቶቡሱ ገና ከመነሣቱ ተበላሸ። «ኖ ሱነር» ብለው ከጀመሩ ግን ሁለተኛውን ክፍል የሚያገናኘው «ዌን» ሳይሆን «ዛን» ነው።