የማኖሜትር ንባብ ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

በሃይድሮሊክስ ላብራቶሪ፣ ከታች ውሃ ከላይ አየር የሚይዘው ግልብጥ ዩ ማኖሜትር (በቧንቧ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት በሁለት ክንዶቹ የውሃ ከፍታ የሚያሳይ መሣሪያ) «ተበላሽቷል» ተብዬ በተጠራሁ ቁጥር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተፈታው ምንም ዕቃ ሳይቀየር ነው።

ምልክቱ ፍሰት በሌለበት የሁለቱ ክንዶች ውሃ እኩል አለመቆሙ፣ ወይም ውሃው በቧንቧው ሲጓዝ ግፊቱ መቀነስ ሲገባው የጨመረ መምሰሉ ነው። ምክንያቱ ማኖሜትሩን ከቧንቧው በሚያገናኘው ላስቲክ ውስጥ የተቀረቀረ አየር ነው። አየር ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከቁጥር ስለማይገባ፣ የአረፋው ሁለት ጫፎች የከፍታ ልዩነት እንዳለ ወደ ንባቡ ይገባል፤ ልዩነቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስሕተቱም 4 ሳንቲ ሜትር ነው። አግድም የተኛ አረፋ ግን ንባቡን አያዛባም። ስለዚህ ላስቲኩን ያነቃነቀ ተማሪ ሌላ ቁጥር ቢያነብ አይደንቅም።

አንድ ጊዜ ተማሪዎች በላይኛው (ውሃው ቀድሞ በሚደርስበት) እና በታችኛው መለኪያ ነጥብ መካከል ከዜሮ በታች 12 ሚሊ ሜትር ልዩነት አግኝተው ሙሉ ሪፖርት ጽፈውበት ነበር። የላይኛው ነጥብ ላስቲክ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጉብ ብሎ ተሰቅሏል፤ ጉብታው የያዘው አየር ወደ ማኖሜትሩ በኩል ያለው ጫፉ ከሌላው 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። አየሩ ሲወጣ ንባቡ 28 ሆነ።

መፍትሄው ላስቲኩን ከቧንቧው እስከ ማኖሜትሩ ያለ ጉብታ ሽቅብ መዘርጋት፣ የላይኛውን አየር መልቀቂያ ከፍቶ ውሃው በሁለቱም ክንዶች ሞልቶ እስኪፈስ መጠበቅ፣ ላስቲኩንም ከታች ጀምሮ በጣት እየመቱ አረፋውን ወደ ላይ መንዳት ነው። ከዚያ ጥቂት አየር መልሶ በማስገባት ውሃውን ወደ መለኪያ ሠሌዳው መሀል ማውረድና መልቀቂያውን መዝጋት፣ በመጨረሻም የቧንቧውን መውጫ ዘግቶ እኩልነቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ትናንት አድርጌዋለሁ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ውሃ ውስጥ የሟሟው አየር አድሮ ስለሚወጣ፣ ጠዋት የላስቲኩ ውስጠኛ ግድግዳ ጥቃቅን አረፋ ለብሶ ይገኛል።

ውሃው በቀስታ ከወረደ ወይም ከወጣ የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ፤ የሳሙና አረፋ ቦታውን ያሳያል። ርካሹ ላስቲክ በጥቂት ወራት ደርቆ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ በክር ማሰር ጊዜ ማባከን ስለሆነ የተሰነጠቀውን ቆርጦ በብረት ማሰሪያ ማጥበቅ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው እንዲህ ያለውን ላስቲክ አለመግዛት ነው። ውሃው ከፓምፑ ምት ጋር ከዘለለ የማኖሜትሩን ቫልቭ በከፊል መዝጋት ይበቃል።

ሜርኩሪ በያዘው ዓይነት ላይ ቫልቮቹ በዝግታና እኩል ይከፈቱ፤ አንዱ በድንገት ሲከፈት ሜርኩሪው ተገፍቶ ቧንቧው ውስጥ ይገባል። ከፈሰሰ በመጥረጊያ አይነካ፣ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ በአፍም በፍጹም አይሳብ። ከሜርኩሪው በላይ ውሃ ካለ ንባቡን ወደ ውሃ ከፍታ የሚቀይረው ማባዣ 13.6 ሳይሆን 12.6 ነው፤ ይህን የዘነጋ 8 በመቶ ገደማ ይስታል። ፍጹም ግፊት (የአየሩንም ግፊት የሚጨምረውን) ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚደምር ደግሞ ከዚያ የባሰ ይስታል፤ የከተማዋ የአየር ግፊት 580 ገደማ ነውና።