ክረምት ላይ ውሻ ይዞ ከከተማ መውጣት፦ መዥገርን እንዴት እንከላከል?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወጣ ይላል። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ መናገሻ፣ ቢሾፍቱ። ውሻውም አብሮ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ታስሮ የከረመ ውሻ ሜዳ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን አንዴ ያየ ሰው፣ ቤት ትቶት ለመሄድ አንጀቱ አይችልም።

ችግሩ ክረምት ላይ ሳሩ ረጅምና እርጥብ ነው። ከብቱም በየሜዳው ይውላል። መዥገር ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሳር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። የሚሞቅና የሚተነፍስ ነገር ታክኮት ሲያልፍ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀስ እያለ ቆዳው ስስ ወደሆነበት ቦታ ይሄዳል። በቆየ ቁጥር በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ትልቁ ነገር ያን ዕለት ማግኘት ነው። ነገ አይደለም፣ ያን ዕለት።

ከጉዞው 3 ቀን በፊት

መጀመሪያ ውሻችሁን መዝኑ። ብቻችሁን ሚዛን ላይ ውጡና ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ውሻውን አቅፋችሁ ድጋሚ ውጡ። ልዩነቱ የእሱ ክብደት ነው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በኪሎ ስለሆነ በግምት አይሆንም።

ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ። በብዛት የሚታዘዙት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ አንገት ላይ የሚታሰር መድኃኒት ያለው ቀበቶ፣ ጀርባ ላይ የሚደረግ ጠብታና የሚታኘክ ክኒን። ለክረምት እኔ ክኒኑን እመርጣለሁ። ውሻው ዝናብ ቢመታው፣ ጭቃ ውስጥ ቢንከባለል፣ በየቀኑ ቢታጠብም ክኒኑ ከሆዱ አይታጠብም። ውሻችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት ወይም ገና ቡችላ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ።

ጠብታ ከሆነ፣ ከማድረጋችሁ 2 ቀን በፊትም ሆነ 2 ቀን በኋላ ውሻውን አትጠቡት። ትከሻው መሃል ላይ ፀጉሩን ከፈል አድርጋችሁ ቆዳው ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ፀጉሩ ላይ ከቀረ ትርጉም የለውም። ቀበቶው ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ይላላ። ቆዳው ላይ እስኪሰራጭም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉዞው ጠዋት ላይ አታድርጉለት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ለከብት የተበጠበጠ መርጫ ውሻ ላይ አታድርጉ። ዲያዚኖንም ሆነ አሚትራዝ ለላምና ለበሬ ተብሎ የተዘጋጀው መጠን ለውሻ አይደለም። ውሻ ደግሞ ራሱን ይልሳል። ምራቁን ማዝረብረብና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሊሞትም ይችላል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒትም ቢሆን ያለ ሐኪም አታስወጉ፤ እንደ ኮሊ ያሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች አይችሉትም። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ይህንንም ለሐኪሙ ተናገሩ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

ሻንጣ ውስጥ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ አልኮል ያለበት ክዳናም ብልቃጥ፣ ጓንት፣ ፎጣና ለመኪናው ወንበር የሚሆን አሮጌ አንሶላ ያዙ። በቃ።

ሜዳው ላይ

ውሻውን አጭር ገመድ ላይ አድርጋችሁ በመንገዱ መሃል ሂዱ። ሳሩና ቁጥቋጦው የሚነካው ጠርዙ ላይ ነው። ማረፊያ ስትመርጡ ከብት ከሚተኛበት ቦታ፣ ከበረት፣ ከሳር ክምርና ከአጥር ሥር ራቁ። ሳሩ የተጋጠና አጭር የሆነበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሻላል። ዘመድ ቤት ካደራችሁም የእናንተ ውሻ ከግቢው ውሾች ጋር አንድ ቦታ ባይተኛ ጥሩ ነው።

ቢሾፍቱ የምትሄዱ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ከፍታው ወደ 1900 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ይሞቃል፣ የውሻ መዥገር ደግሞ ሙቀት ይወዳል።

መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። 10 ደቂቃ ስጡት።

መጀመሪያ በፎጣ አድርቁት፤ እርጥብ ፀጉር ይደብቃል። ከዚያ በዓይን ሳይሆን በጣት ጫፍ ፈልጉ። ድንጋይ ከምስር እንደምንለቅመው፣ ቀስ ብላችሁ፣ በፀጉሩ ተቃራኒ አቅጣጫ። ያልጠገበ ትንሽ መዥገር ጤፍ ያክላል። ደም የጠገበው ደግሞ የጉሎ ፍሬ ይመስላል።

ጆሮውን ገልብጡና የስልክ መብራት አብሩበት። የዓይኑን ቆብ፣ ከንፈሩን፣ አገጩን እዩ። ቀበቶውን ፈትታችሁ አንገቱን ዳስሱ። ብብቱን፣ ጭኑ መሃል፣ ጅራቱ ሥር። መጨረሻ ላይ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ክፈቱ።

ጣቶቹን የምለው በምክንያት ነው። ሱሉልታ አጎቴ ጋ ሄደን፣ የእኛን ቡቺ ከራስ እስከ ጅራት ፈትሼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ መዳፉን እየላሰ አላስቆም አለን። የኋላ እግሩን ጣቶች ስከፍት ግራጫ፣ እንደ ጉሎ የተነፋ መዥገር ተጣብቆ አገኘሁ። አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ላምባ ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ይለቃል» አለኝ።

«ጋሼ፣ ላምባ አይደረግም እኮ» አልኩት።

ላምባም፣ ቅቤም፣ የሲጋራ እሳትም አይደረግም። መዥገሩ ሲቃጠል ወይም ሲታፈን ሆዱ ውስጥ ያለውን ውሻው ቁስል ውስጥ ሊተፋው ይችላል። ልንከላከል የምንለፋውም እሱኑ ነው።

ከተገኘ እንዴት ይነቀላል?

ጓንት አድርጉ። አንድ ሰው ውሻውን አቅፎ ያባብለው። ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ወረንጦውን ቆዳው ጋ እስኪደርስ አስጠጉ። የመዥገሩን ሆድ ሳይሆን አፉን ያዙ። ከዚያ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትመነጭቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡ። ቆዳው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይለቃል። ትንሽ የአፉ ስባሪ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሩ፤ ሰውነቱ ራሱ ይገፋዋል። ቦታውን አጽዱ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

መዥገሩን በጥፍር አታፍርጡት። ደሙ እናንተንም ሊበክል ይችላል። ብልቃጡ ውስጥ ክተቱትና ቀኑን ጻፉበት። ልጆቻችሁንም በዚያው ፈትሹ፤ መዥገር ሰው አይመርጥም።

ቤት ስትገቡ

አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡት፣ የመኪናውን ምንጣፍ ደጅ አራግፉ። የውሻ መዥገር ቤት ውስጥም ይራባል። አንዲት ሴት መዥገር በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ፍተሻውንም ለጥቂት ቀን ድገሙት።

ለ3 ሳምንት ያህል ውሻችሁን ልብ በሉት። ምግብ እንቢ ካለ፣ ከደከመው፣ ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ አፍንጫው ከደማ፣ ወይም ሙቀቱ ከ39.2 ዲግሪ በላይ ከሆነ አትጠብቁ። የተረፈ አንቲባዮቲክ ቆርሳችሁም አትስጡት። ወደ ሐኪም ውሰዱት። ብልቃጡን ከነመዥገሩ ያዙ፣ የት እንደሄዳችሁና መቼ እንደነቀላችሁትም ንገሩት።