ሞተር ከተቀየረ በኋላ የሚመጣ የካምቢዮ ካቦና የኢንቴክ ችግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ደሴ ውስጥ ሞተር አስቀይሮ ከጋራዥ የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ የሚያሰማው አቤቱታ ይታወቃል፦ «ሞተሩ ደህና ነው፤ ካምቢዮው ግን አለቀለት።» ይህን ሰምቶ ወዲያው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለማውረድ የሚነሳ ሜካኒክ አይጠፋም። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ካምቢዮው አሮጌው ሞተር ከመውረዱ በፊት በደንብ ይሠራ ነበር ወይ? ይሠራ ከነበረ መሬት ላይ ተቀምጦ አይሞትም። የተበላሸው ከአዲሱ ሞተር ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው፤ ያም በአብዛኛው ካቦው (የሽቦ ገመዱ)፣ የካቦው መያዣ ብረት ወይም ኢንቴኩ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ የምጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በካቦ የሚታዘዝ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስለ ሞተሩ የሚያውቀው ትሮትሉ (በፔዳል የሚከፈተው የአየር በር) ምን ያህል እንደተከፈተ ብቻ ነው፤ ያንን የሚነግረው ካቦ ደግሞ ጫፉ የታሰረው ትሮትሉ ጎን፣ ኢንቴኩ ላይ ነው። ኢንቴኩ ሲለወጥ ወይም ከፍ ሲል ካቦው የሚናገረው ነገር ይዛባል።

ለምሳሌነት የቶዮታ ኮሮላን ሞተር ልውሰድ፤ 4ኤ-ኤፍኢ ወርዶ 7ኤ-ኤፍኢ ይገባበታል፣ ካምቢዮው ግን የቀድሞው ኤ131ኤል ሆኖ ይቀራል። የሁለቱም ሞተሮች ሲሊንደር ስፋት 81 ሚሊሜትር ነው። የፒስተኑ ምልልስ ግን ከ77 ወደ 85.5 ሚሊሜትር ያድጋል፣ የሲሊንደሮቹ ይዘትም ከ1587 ወደ 1762 ሲሲ ይወጣል። ለዚህ ሲባል የ7ኤ ብሎክ ቁመቱ ይረዝማል፤ ቴስታውና (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ኢንቴኩም አብረው ከፍ ይላሉ። ካምቢዮው ባለበት፣ ካቦውም በቀድሞው ርዝመቱ እንዳለ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውንም ካቦ ከመንካትዎ በፊት የካምቢዮውን ዘይት ይመልከቱ። ሞተሩና ካምቢዮው በደንብ ሞቀው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ) እየሠራ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታዎች አሳልፈው «ፒ» ላይ ከመለሱ በኋላ ይለኩ። የደሴ ጠዋት ብርድ በመሆኑ ቀዝቃዛ ካምቢዮ ዘግይቶ ቢቀይር አይፍረዱበት። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ካቦው ላልቶ ብዙ መንገድ ተነድቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ካቦ ማስተካከል ብቻውን አያድንም።

ምልክት፦ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ ሲቀይር ሞተሩ ለአፍታ በባዶው ይጮኻል

ወይም ተቃራኒው፦ ዘግይቶ ይቀይራል፣ ሲቀይርም ከኋላ እንደተገፋ ያህል ይመታል።

መንስኤው የትሮትል ካቦው ነው። ካቦው ከላላ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች) አጥብቀው ሳይያዙ ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉም። ከጠበቀ ግፊቱ ይበዛል፣ ማርሹም ይመታል። ከሁለቱ የሚያስፈራው የላላው ነው። ሹፌሩ «እንዴት ለስልሶ ይቀይራል!» እያለ ሲደሰት ካምቢዮው እያለቀ ነው። ካቦውን ጨርሶ ሳያስሩ መኪናውን «እስከ ቤት ብቻ» መንዳትም ካምቢዮ መግደል ነው።

መፍትሔው መለካት ነው። ኮፈኑን ይክፈቱና ካቦው ከመያዣ ብረቱ ወጥቶ ወደ ትሮትሉ መዘውር የሚሄድበትን ቦታ ይመልከቱ። በቀጭኑ ሽቦ ላይ የተጨመቀች ትንሽ የብረት ፍሬ አለች። መለኪያዎ እርሷ ናት። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥልዎት፤ መጀመሪያ ትሮትሉ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ካልተከፈተ ከፔዳሉ የሚመጣውን የነዳጅ ካቦ አስቀድመው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚለኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው አሠራር እንደ ካቦው ዓይነት ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የካቦው ጫፍ ረጅም የላስቲክ ቆብ ካለው፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ እያለ ፍሬዋ ከቆቡ አፍ እኩል መሆን አለባት፤ በመካከላቸው የሚፈቀደው ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው። በኋላ የመጡት ካቦዎች የሚለኩት ግን ፔዳሉ ተለቅቆ፣ ትሮትሉ ተዘግቶ ነው፤ ያን ጊዜም በፍሬዋና በሽፋኑ ጫፍ መካከል ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ይፈለጋል። የአንዱን አለካክ ለሌላው መጠቀም የካቦውን ልክ ሙሉ በሙሉ ያበላሸዋል። እርስዎ የሚከተሉት መመሪያ የካምቢዮው ይሁን እንጂ የአዲሱ ሞተር አይሁን። ማስተካከያው በመያዣ ብረቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ዳዶዎች ናቸው፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማጥበቅ ብቻ ነው።

ሁለቱ ዳዶዎች እስከ መጨረሻው ተሄዶባቸውም ልኩ ካልመጣ መያዣ ብረቱ የዚያ ኢንቴክ አይደለም ማለት ነው። በእኛ አካባቢ እዚህ ላይ የሚደረገው ፍሬዋን በፒንሳ ፈልቅቆ ወደፈለጉበት ማንሸራተት ነው። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የፍሬዋ ቦታ የተለካው ከካምቢዮው ውስጥ ነው፤ አንዴ ከተነቀለች መነሻው ይጠፋል። ይልቅ የአሮጌውን ኢንቴክ መያዣ ብረት ይፈልጉ፣ ወይም ብየዳ የሚችል ሰው አዲስ መያዣ በልኩ ይሥራ። ፍሬዋ ከእርስዎ በፊት ተነቅላ ከሆነ ወይም አዲስ ካቦ ከተገዛ፣ ሽቦውን በእጅ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ትንሽ እንቢ የሚልበት ቦታ ላይ ያቁሙና ፍሬዋን ከሽፋኑ ጫፍ ከ0.8 እስከ 1.5 ሚሊሜትር አርቀው ይጭመቋት።

የትሮትሉን መዘውርም አይርሱ። የአዲሱ ሞተር መዘውር ስፋቱ ከቀድሞው ከተለየ ካቦው የሚሳበው ርዝመት ይለያል። ተከፍቶ ልክ ሆኖ ተዘግቶ የሚላላ፣ ወይም ተዘግቶ ልክ ሆኖ ተከፍቶ የሚወጠር ካቦ ካጋጠመዎት መዘውሮቹን ጎን ለጎን አስተያዩ። ይህን ዳዶ አያስተካክለውም፤ የቀድሞውን ትሮትል ቦዲ መመለስ ግን ይቻል ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ሞተር ያለ ተርቦ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሹፌሩም ያንን ለማካካስ ፔዳሉን ይጨምራል። ካቦው የሚያውቀው የፔዳሉን መጠን እንጂ የሞተሩን ጉልበት አይደለም፤ ስለዚህ ካምቢዮው እዚህ ትንሽ ዘግይቶና ጠንከር ብሎ መቀየሩ ተፈጥሮው ነው። ከቆላ የመጣ ደንበኛ «ዳገቱ ላይ ማርሽ ይዘገያል» ሲል ደስ ለማሰኘት ተብሎ ካቦ አይላላም።

ምልክት፦ ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ የሚያስቸግረው ዳገት ላይ ብቻ ነው

ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጡ፣ በተለይ ዶሮ መዝለያ አካባቢ፣ ማርሹ ያለ ምክንያት ይወርዳል ይወጣል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ምንም የለም። ይህ በአብዛኛው የመወዛወዝ ችግር ነው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ ትክክለኛው የካምቢዮ ካቦ ሁለቱም ጫፎቹ አብረው ይወዛወዛሉ፤ ርዝመቱም አይለወጥም። ነገር ግን መያዣ ብረት የጠፋበት ሰው ካቦውን ከመኪናው አካል ጋር ካሰረው፣ ሞተሩ በጉልበት ሲያዘነብል ካቦውን ይስበዋል ወይም ያላላዋል።

ለማረጋገጥ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሹፌሩ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ማርሹን «ዲ» ላይ ያድርግና ነዳጅ በጥቂቱ ይስጥ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ግን አይቆይ። እርስዎ ከጎን ሆነው፣ ከመኪናው ፊት ፈጽሞ ሳይቆሙ፣ ካቦውን ብቻ ይመልከቱ። «አር» ላይም ይድገሙት። መዘውሩ ሳይዞር ፍሬዋ ከተንቀሳቀሰች ካቦው የታሰረበት ቦታ ስሕተት ነው። ፔዳሉ ባለበት ተይዞ እያለ መዘውሩ ራሱ ከዞረ ጥፋቱ የነዳጅ ካቦው ማጠር ወይም የሞተር መቀመጫ ላስቲክ ማለቅ ነው። አዲስ ሞተር በአሮጌ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ሲቆይ ግን ውድ ይሆናል።

ምልክት፦ «ፒ» ላይ ሆኖ ይንከባለላል፣ ወይም «ኤን» ላይ ብቻ ይነሳል

ይህ ሌላው ካቦ፣ ከማርሽ ዘንጉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ነው። ካምቢዮው ጎን ያለውን የማርሽ ክንድ ዳዶ ይፍቱ። ክንዱን ወደ «ፒ» በኩል እስከ መጨረሻው ይግፉና ሁለት ጠቅታ ይመልሱት፤ ያ «ኤን» (ባዶ ማርሽ) ነው። ውስጥ ያለውንም ዘንግ «ኤን» ላይ ያድርጉ፤ አንድ ሰው ዘንጉን ወደ «አር» በኩል በቀስታ ገፋ አድርጎ ይዞ እያለ ዳዶውን ያጥብቁ። ይህ ሳይስተካከል ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አይገባም። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ «ኤል» (ዝቅተኛው) ያሉት ማርሽ በግማሽ ብቻ ቢገባ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል።

ምልክት፦ ሚኒሞው ከፍ ይላል ወይም ይዋዥቃል፣ ፉጨት ይሰማል

አየር ከማይገባበት ይገባል። ከየት እንደሆነ ከመፈለግዎ በፊት ሞተሩ አየር የሚለካበትን መንገድ ይወቁ። በኢንቴኩ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ ሞተር አየር ሲሾልክበት ነዳጅ ጨምሮ ሚኒሞውን ያስጮኸዋል። በቱቦው ላይ የአየር መለኪያ ያለው ሞተር ግን የሾለከውን አየር ስለማያየው ነዳጅ ያንሰዋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። በሁለተኛው ዓይነት ከማጣሪያው ወደ ትሮትሉ የሚሄደው ጎማ ቱቦ መሰንጠቁም ያው ነው፤ ከሞተር ቅየራ በኋላ ያ ቱቦ ተጣሞ ይገባና በእጥፋቱ በታች በኩል ይቀደዳል። እጅዎን አስገብተው ይዳብሱት፤ በዓይን አይታይም።

ኢንቴኩ ራሱ ሲሆን ሦስት ነገር ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ጋስኬቱ ነው። የ4ኤ ኢንቴክ እንኳን የቀድሞውና የኋለኛው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ጋስኬቱን መጀመሪያ ቴስታው ላይ፣ ቀጥሎ ኢንቴኩ ላይ ያስቀምጡና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ያስተያዩ። በሁለቱም ላይ ካልገጠመ ሲሊኮን አይቀባበት። ተራ ሲሊኮን በቤንዚን ይለሰልሳል፣ ቁራጩም ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለተኛው ከኢንቴኩ ሥር ያለው ድጋፍ ብረት ነው። ብሎክ ሲረዝም የቀድሞው ድጋፍ ያጥራል፤ ብሎኑ በጉልበት ሲጠብቅ ኢንቴኩን ወደ ታች ጎትቶ ከቴስታው ያላቅቀዋል። ድጋፉን ፈትተው ሞተሩን ያስነሡ፤ ፉጨቱ ከቆመ አግኝተውታል። ቀዳዳውን አስረዝሞ መልሶ ማሰር በቂ ነው፤ ጨርሶ መተው ግን ኢንቴኩን በንዝረት ይሰነጥቀዋል። ሦስተኛው ክፍት የቀረ የቫኪዩም አፍ (ቀጭን የአየር መሳቢያ ቱቦ የሚሰካበት) ነው።

ካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ነው፤ በጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) አጠገብ ግን እሳት ያስነሣል። የሳሙና ውኃ ይሻላል፤ ውኃው የተሳበበት ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል።

የቫኪዩም መለኪያ ያለው ሰው አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ፤ ይህ በባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ11 እስከ 15 አካባቢ ካነበቡ ሞተሩ ደህና ነው። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ሞተር ቫልቩ ተበልቷል ተብሎ ቴስታው ሲወርድ ይታያል።

ምልክት፦ የፍሬን ፔዳል ጠነከረ

ከኢንቴኩ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ቱቦ ከቀጭን አፍ ላይ ተሰክቷል፣ ወይም በውስጡ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ተገልብጧል። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ እንደረገጡት ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ምልክት፦ በማንዋል ካምቢዮ አንዳንድ ማርሽ ብቻ ይገባል

ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ደህና ሆኖ ወደ ጎን ያለው ካልደረሰ፣ ለምሳሌ ሦስትና አራት ገብቶ አንድና ሁለት ከጠፋ፣ የጎኑ ካቦ ማቀፊያ ክሊፕ አልገባም ወይም ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ወድቋል። ካምቢዮ አይፈታም።

ኮፈን አልዘጋ ካለ ኢንቴኩን በመዶሻ ከማሳነስ ይልቅ የሞተር መቀመጫዎቹ በትክክለኛው ቦታ መግባታቸውን ይመልከቱ። ማጣሪያውም ከራዲያተሩ ጀርባ የጋለ አየር እንዳይስብ ከቀድሞው ሳጥን ጋር መገናኘቱ ይሻላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናውን መጀመሪያ ከተማ ውስጥ፣ ቀጥሎ በሐይቅ መንገድ ይንዱ፤ የኮምቦልቻ ቁልቁለት የመጨረሻው ይሁን። ከተመለሱ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የኢንቴኩን ብሎኖች ከመሀል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ያጥብቁ፣ የካቦዋን ፍሬ ደግመው ይለኩ፣ የካምቢዮውንም ዘይት ሲሞቅ መልሰው ይዩ።